ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም

ዲዛይን ገና የጀመራችሁ ልጆች፣ ዛሬ ከሳይንስ ፊክሽን ልጀምርላችሁ። ስታር ትሬክ ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ የሚባለውን የጠፈር መርከብ ተከታታይ ፊልም ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ምቤንጋ ሩኪያ የምትባል የታመመች ልጅ አለችው፣ በሽታዋ እንዳይብስባት ሰው ከቦታ ቦታ የሚያስተላልፈው ማሽን ውስጥ ያቆያትና አልፎ አልፎ አውጥቶ ተረት ያነብላታል። የኤሊሲያን መንግሥት ይባላል መጽሐፉ፣ ንጉሥ ምናምን ያለበት የልጆች ተረት ነው። በ2022 በወጣው አንድ ክፍል ላይ ደሞ መርከቧ በሙሉ ተረቱን ትሆናለች፣ ጀግናው ካፒቴን ሳይቀር ፈሪ የቤተ መንግሥት ሰው ሆኖ ቁጭ። እውነቱን ለመናገር ለኔ ክፍሉ ትንሽ ትያትር በዝቶበታል።

ሽፋኑ ግን! ደራሲ ቤኒ ራሰል ይላል። ቤኒ ማለት በ1998 ዲፕ ስፔስ ናይን በሚባለው ሌላ የስታር ትሬክ ተከታታይ ላይ ኤቨሪ ብሩክስ ዳይሬክት ያደረገውና ራሱ የተወነበት ክፍል ውስጥ ያለ ጥቁር ደራሲ ነው፣ ጊዜው 1953 ቦታው ኒውዮርክ። የስፔስ ጣቢያ የሚመራ ጥቁር ሰው ታሪክ ይጽፋል፣ የሚሰራበት መጽሔት ግን አንባቢ መልኩን እንዲያውቅ አይፈልግም፣ የደራሲዎቹ ፎቶ የሚነሳ ቀን እሱና አንዲት ሴት ደራሲ እስኪረፍድ ተኝተው እንዲቆዩ ይነገራቸዋል፣ አትምጡ ለማለት ነው። በጨዋ አንደበት መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። በኋላ ታሪኩን ህልም ነበር ብሎ ጨርሶት እንኳን የመጽሔቱ ባለቤት እትሙን በሙሉ አስወገደው፣ እሱንም አባረሩት።

እና ከ24 ዓመት በኋላ ሌላ ተከታታይ ላይ የሰውየው መጽሐፍ ታትሞ አባት ለልጁ ያነበዋል። ሌላ ስም ቢጻፍበት ሴራው ምንም አይጎድልበትም ነበር፣ ግን ያንን ሽፋን የሰሩት ሰዎች መጽሐፉ ደራሲ እንደሚያስፈልገው አስበውበታል።

እናንተም ለፊልም ወይ ለማስታወቂያ የውሸት መጽሐፍ ስሩ ስትባሉ ሎረም ኢፕሰም፣ ማለትም ቦታ መሙያ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ፣ ለጥፋችሁ አትላኩ፣ ማን ጻፈው፣ መቼ ታተመ፣ ማን ነው ደጋግሞ የሚያነበው ብላችሁ ጠይቁ፣ ልጅ በየቀኑ የሚነበብለት መጽሐፍ ከሆነ ጥግ ጥጉ መላላጥ አለበት፣ ጀርባውም መሰንጠቅ አለበት። ደሞ ስሙን አግዝፋችሁ እዩልኝ አትበሉ፣ የደራሲ ስም በሚጻፍበት መጠን ይጻፍ። ደንበኛው ምንድነው ይሄ ካለ አስረዱት፣ አሁንም ካልፈለገ ስራው የሱ ነው፣ ስሙን ከሽፋኑ ላይ አጥፉት።