ከፈቃድ ሲመለሱ ለተሰናበቱት፦ ቀጣሪው በሕግ ምን ይጠየቃል?

ጠያቂያችን አሜሪካ ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም በሰዓት 21 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት ይሠሩ ነበር። እናታቸው ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ለማስታመም 5 ሳምንት ፈቃድ ወሰዱ። ሲመለሱ ከቀን ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛወሩ፤ ወር ሳይሞላ ደግሞ የፈቃዱ ቀናት እንደ ቀሪ ተቆጥረው፣ ከሥራ በቀሩ ቁጥር የሚያዝባቸውን ነጥብ በመጥቀስ «ነጥብዎ ሞልቷል» ተብለው ተሰናበቱ። 10 ሳምንት ያለ ሥራ ቆይተው፣ ከ4 ሳምንት ወዲህ በሳምንት 600 ዶላር የሚከፍል ሥራ ይዘዋል። «ብከስ ምን አገኛለሁ?» ብለዋል።

ገንዘቡን ከማስላትዎ በፊት ሕጉ እርስዎን የሚመለከት መሆኑን ያጣሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውና ኤፍኤምኤልኤ የምንለው የፌዴራል የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ በግል ድርጅት የሚሠራን ሰው የሚጠብቀው፣ ከሥራ ቦታው በ75 ማይል ዙሪያ ቢያንስ 50 ሠራተኞች ሲኖሩ ነው። እርስዎም 12 ወር የቆዩ፣ ከፈቃዱ በፊት በነበሩት 12 ወራት ደግሞ 1,250 ሰዓት የሠሩ መሆን አለብዎት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ የሚቆጠረው በትክክል የተሠራ ሰዓት እንጂ ደመወዝ የተከፈለበት የዕረፍት ቀን አይደለም። የዓመቱን የደመወዝ ወረቀት ሰብስበው አንድ በአንድ ይደምሩት። እናትን ማስታመም በሕጉ ውስጥ ነው። ወንድም፣ እህትና አማት የሉበትም፤ በልጅነት እንደ እናት ሆና ያሳደገች አክስት ግን አለችበት። ይህን ባለማወቅ ፈቃድ ሳይጠይቅ የቀረ ወገን ጥቂት አይደለም።

በጻፉት መሠረት ጥሰቱ አንድ ብቻ አይደለም። በፈቃድ ቀን የቀሪ ነጥብ መቁጠር በደንቡ በግልጽ ተከልክሏል። ፈረቃውም ቢሆን፣ የሚመለስ ሠራተኛ በደመወዝ፣ በጥቅማ ጥቅምና በሥራ ሰዓት የቀድሞውን ወይም ተመጣጣኙን ቦታ ማግኘት አለበት። ቀጣሪው «ፈቃድ ባይወስዱም ይሰናበቱ ነበር» ሊል ይችላል፤ ያንን ግን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው።

አሁን ስሌቱ። ያለ ሥራ የቆዩበት 10 ሳምንት በ840 ሲባዛ 8,400 ዶላር። አዲሱ ሥራ በሳምንት 240 ስለሚያጎድልብዎ በ4 ሳምንት 960። ድምሩ 9,360 ነው፤ ወለድና የቀረብዎ የጤና መድን ይታከልበታል። ሕጉ በዚህ ላይ ያንኑ ያህል ስለሚጨምር ወለዱና መድኑ ሳይገቡ 18,720 ዶላር ይደርሳል። ከእጥፉ የሚያመልጠው በቅን ልቦና መሥራቱንና ሕግ አልጣስኩም ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት እንደነበረው ለዳኛው ያሳመነ ቀጣሪ ነው፤ ያኔም ዳኛው መቀነስ ይችላል እንጂ አይገደድም። ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራዎ እንዲመለሱ ሊያዝም ይችላል። ከረቱ የጠበቃዎን ክፍያ የሚሸፍነው ቀጣሪው ስለሆነ፣ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቅ ጉዳዩን የሚይዝ ጠበቃ ማግኘት ይቻላል። በግል ድርጅት ውስጥ ውሳኔውን የሰጠው ሱፐርቫይዘርም በግሉ ሊከሰስ ይችላል።

ለመንፈስ ስብራት ካሳ ግን በዚህ ሕግ የለም፤ የመቀጣጫ ካሳም የለም። ስለዚህ አቤቱታዎን ሲጽፉ ምሬቱን አሳጥረው ቀንና ሰዓቱን ያብዙ።

የመክሰሻው ጊዜ ጥሰቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ ቀጣሪው ሆን ብሎ ካደረገው 3። ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል በነጻ ማመልከት ይቻላል፤ ግን ሳያመለክቱም በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። እዚያ አመልክቻለሁ ብለው አይዘናጉ፤ የክሱ ጊዜ መቁጠሩን ይቀጥላል።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው ወረቀት ላይ በሚያስፈርሙዎ ነገር ነው። ኤችአር (የድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል) የስንብት ክፍያ ሲሰጥ አብሮ የሚያስፈርመው ውል አብዛኛውን ጊዜ «ያለፈውን መብቴን ትቻለሁ» የሚል አንቀጽ አለበት፤ ከፈረሙ በኋላ ይጸናል። ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ። የፈቃድ ማመልከቻውን፣ ሐኪሙ የሞላውን ቅጽ፣ የፈረቃ ሰሌዳውን ከፈቃዱ በፊትና በኋላ፣ የቴክስት መልእክቶቹን በራስዎ ስልክና ኢሜይል ያስቀምጡ፤ የድርጅቱ ኢሜይል ከተዘጋ አንድም አያገኙም። ያመለከቱባቸውን ሥራዎችም በቀን በቀኑ መዝግበው ይያዙ፤ በ10ሩ ሳምንት ሥራ አልፈለጉም ተብሎ ከካሳው እንዳይቀነስብዎ።