ገንዘብ የለንም፤ ጠበቃ ከየት?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በስርቆት ተጠርጥሮ ታስሯል፤ ገና አልተከሰሰም። ጠበቃ የምናቆምበት ገንዘብ የለንም። የሰፈራችን እድር ሊረዳን ፈቃደኛ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ። ከታሰረበት አንስቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የጉዞው ጊዜ አይቆጠርም። ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀናት ከጠየቀ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ወንድምዎ ዝም ብሎ አይቁም፤ «ያለፈው ጊዜ ምን ተሠራበት? ምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቅ፣ ዋስትናም ይጠይቅ። እድሩ ዋስ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ ዋስትና ተፈቅዶ ዋስ በማጣት ብቻ ታስሮ የሚቆይ ሰው ብዙ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(5) ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት የሰጠው ለተከሰሱ ሰዎች ነው። ስለዚህ በምርመራ ወቅት፣ ጠበቃ ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ድሃው ብቻውን ይቀራል። ይህ መለወጥ አለበት፤ እድሮች ተባብረው ለፍትሕ ቢሮና ለምክር ቤት ተወካያቸው በጽሑፍ ይጠይቁ። እስከዚያው በአቅራቢያችሁ ያለ የዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ሞክሩ።

ክስ ሲቀርብ መንግሥት የሚከፍለው ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ለችሎቱ ይናገር፤ ጥያቄው መዝገብ ላይ ይስፈር። ተከላካይ ጠበቆች ሥራ ስለሚበዛባቸው ደንበኛቸውን በቀጠሮው ዕለት ብቻ ሊያገኙ ይችላሉ። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የክሱን ቅጂና የመከላከያ ምስክሮችን ስምና አድራሻ ቀድማችሁ አድርሱላቸው።