የ200 ጊጋው ዲስክ ለምን 1 ቴራ ሆኖ ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ "ሰርቨሬ ላይ ያለው ዲስክ አንድ ብቻ ነው፤ 200 ጊጋባይት። የዲስክ አጠቃቀም የሚከታተል ስክሪፕት በፓይተን ጽፌ ዶከር ኮንቴይነር (ከሰርቨሩ ተለይቶ የሚሠራ ክፍል) ውስጥ አስነስቻለሁ። ከሰርቨሩ አንድ ፎልደር /ዳታ በሚል ስም አስገብቼለታለሁ። ጠቅላላ መጠኑን ግን 1 ቴራባይት ገደማ ነው ይለኛል። ዲስኩ 90 በመቶ ሲሞላ ደግሞ አምስት ማስጠንቀቂያ በአንዴ ይልክልኛል። መጠናቸው እኩል የሆኑትን እንደ አንድ ልቁጠራቸው?"

መልስ፦ በመጠን አትለያቸው፣ ወንድሜ። ነገ ሌላ 200 ጊጋ ዲስክ ብትጨምር ስክሪፕትህ አንዱን ይጥልብሃል። የተጣለው ሲሞላ ማንም አይነግርህም። የተደጋገመ ማስጠንቀቂያ ያሰለቻል፤ የቀረ ማስጠንቀቂያ ግን ዳታቤዝ ያቆማል።

ስክሪፕትህ የሚያነበው የማውንት ዝርዝር ነው እንጂ የዲስክ ዝርዝር አይደለም። ማውንት ማለት አንድ ዲስክ፣ ፎልደር ወይም ፋይል በሌላ አድራሻ እንዲታይ የተደረገበት ቦታ ነው። ዶከር ኮንቴይነር ሲያስነሳ ሦስት ፋይሎችን ከሰርቨሩ ዲስክ ያስገባል፦ /ኢቲሲ/ሆስትስ፣ /ኢቲሲ/ሆስትኔም እና /ኢቲሲ/ሪዞልቭ.ኮንፍ። ጥቂት መስመር ያላቸው ፋይሎች ናቸው። ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ማውንት ስለሆኑ፣ ስለ ቦታ ሲጠየቁ የሚሰጡት የመላውን ዲስክ መጠን ነው። የኮንቴይነሩ ሩት (የፎልደሮቹ ሁሉ መነሻ) ደግሞ ኦቨርሌይ፣ ማለትም የተደራረቡ ፎልደሮችን እንደ አንድ የሚያሳይ ፋይል ሲስተም ነው፤ እሱም ከሥሩ ያለውን ዲስክ መጠን ይደግማል። /ዳታ ሲጨመር አምስት ይሆናሉ። 200 ሲባዛ በ5፣ ይኸው 1 ቴራህ።

ትክክለኛው መለያ የዲቫይስ ቁጥር፣ ማለትም ሲስተሙ ዲስኩን የሚለይበት ቁጥር ነው። /ፕሮክ/ሰልፍ/ማውንትኢንፎ የሚለውን ፋይል አንብብ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ 8:1 የመሰለ ቁጥር አለ። ሦስቱ ፋይሎችና /ዳታ አንድ ዓይነት ቁጥር ይይዛሉ፤ ከነሱ አንዱን ብቻ ቁጠር። ፎልደር የሆነውን ብታስቀድም ማስጠንቀቂያው ለማንበብ ይቀላል። ኦቨርሌይ የራሱ ቁጥር ስላለው በዚህ መንገድ አይያዝም። እሱን በፋይል ሲስተም ዓይነቱ አስወጣው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሦስቱን ፋይሎች በስማቸው ይከለክላል። እኔ አልመክርም። አንድ ቀን የዶከር ማከማቻ ወደ ሌላ ዲስክ ቢዛወር፣ ያንን ዲስክ ከኮንቴይነሩ ውስጥ የሚያሳዩህ እነዚያው ፋይሎች ናቸው። በቁጥር ከለየህ አዲሱ ዲስክ በራሱ ጊዜ ብቅ ይላል። በማውንቱ ምንጭ ስም መለየትም አያዋጣም፤ ቲኤምፒኤፍኤሶች (ሜሞሪ ላይ የሚቀመጡ ጊዜያዊ ፋይል ሲስተሞች) ብዙ ጊዜ ሁሉም አንድ ስም ይይዛሉ፣ ግን የተለያዩ ናቸው።

ቁጥሩን በስታት (የፋይል መረጃ በሚያሳየው ትዕዛዝ) ሳይሆን ከማውንትኢንፎ ውሰድ ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም። ቢቲአርኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተም ላይ ስታት ለእያንዳንዱ ሰብቮሊዩም (ንዑስ ክፍል) የተለየ ቁጥር ይሰጣል፤ ማውንትኢንፎ ግን ለሁሉም አንድ ቁጥር ያሳያል። የሊኑክስ ዓይነት የሆነው ፌዶራ ወርክስቴሽን ከ2020 ጀምሮ፣ ከ33ኛው ቨርዥን ማለት ነው፣ ቢቲአርኤፍኤስን ነባሪ አድርጓል። እዚያ ሩትና ሆም አንድ ቦታ እየተጋሩ ዲኤፍ የተባለው የዲስክ ቦታ ማሳያ ትዕዛዝ ሁለቱንም ይዘረዝራል። ከደመርካቸው እጥፍ ይሆንብሃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ይህ ቁጥር ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ስክሪፕቱ በሠራ ቁጥር እንደ አዲስ ያንብበው። ለግራፍ የምታስቀምጠውን ታሪክ ግን በፋይል ሲስተሙ ዩዩአይዲ (ቋሚ መለያው) መዝግብ።