ለክረምት የመስክ ሥራ ለምትዘጋጁ ልጆች

ሰኔ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ዩኒቨርሲቲ ሊዘጋ ነው፤ አንዳንዶቹ ወደ ባሌ፣ አንዳንዶቹ ወደ መንዝ ጓሳ፣ ሌሎቹም ወደ ሰሜን ተራሮች ለዱር እንስሳት ጥናት ሊወጡ ነው። የሚጠይቁኝ ስለ ዕቃ ነው። ድንኳን የት ይገኛል? የትኛው ጂፒኤስ ይሻላል? ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ግን መጀመሪያ ዕቃው ለምን እንደሚያስፈልግ እንነጋገር።

ልጆች፣ የምትዘጋጁት ለደብተራችሁ ነው። ዝናብ ሲደበድባችሁ ውሎ፣ ጣታችሁ ደንዝዞ፣ ሆዳችሁ ባዶ ሆኖ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጭላዳ መንጋ ከጭጋጉ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ያኔ «ሠላሳ ይሆናሉ» ብሎ መጻፍ በጣም ይቀላል። ያቺ ግምት ከጊዜ በኋላ ሪፖርት ውስጥ ቁጥር ሆና ትገባለች፤ በእሷ ላይ ውሳኔ ይወሰናል። ደረቅ ካልሲም፣ በሶም፣ ውሃ የማያስገባ ጫማም የሚያስፈልገው የደከመ ሰው ያላየውን እንዳይጽፍ ነው።

መለማመጃው ሩቅ አይደለም። እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። የሐምሌን ብርድና ጭቃ እዚህ ከእንጦጦ ጀርባ የቻለ ሰው ተራራ ላይ ብዙ አይደናገጥም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ደግሞ መናገሻ ሱባ አለላችሁ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከለ የሚነገርለት ደን ነው። ጽዱም ዝግባውም አለ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ አለ። ከበላዩ ያለው የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ቅዳሜዎች ሙሉ ቦርሳችሁን ተሸክማችሁ ውጡ። ዘነበ ብላችሁ አትቅሩ፤ የምትሄዱት ለዝናቡ ነው።

እዚያ ስትደርሱ ይህን ሞክሩ። ሁለት ሆናችሁ አንድ የጉሬዛ ቤተሰብ ቁጠሩ። ሳትነጋገሩ፣ እያንዳንዳችሁ በየደብተራችሁ ሃያ ደቂቃ ጻፉ፤ ከዚያ አስተያዩ። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ አይገጥምም። አንዱ ሲዘል ያየውን ሁለቴ ቆጥሯል። ሌላው ግልገሏን አልፏታል። የጉሬዛ ግልገል ስትወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ናት፤ ጥቁሩ የሚመጣው በኋላ ነው። እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ስትቀመጥ ከእናቷ ነጭ ፀጉር አትለይም። እናቲቱ ቅርንጫፍ ለመያዝ ቀና ስትል ብቻ ትንሿ ሮዝ ፊት ብቅ ትላለች። ሃያ ደቂቃው ያቺን ፊት ለማየት ነው።

በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ እሺ አይልም፤ የጻፈውም ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ደብተሩ ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን፤ በሁለት ፌስታል ጠቅልሉት። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና ሰው የነገራችሁን ለዩ። «ጅብ ሰማሁ» እና «ጅብ አየሁ» አንድ አይደሉም፤ «እረኛው ትናንት አይቻለሁ አለኝ» ደግሞ ሌላ ነው። ሁሉም ዋጋ አላቸው፤ የሚበላሹት ሲደባለቁ ነው። ምንም ያላያችሁበትንም ቀን መዝግቡ፦ ስንት ሰዓት እንደተጓዛችሁ፣ ጭጋጉ እንዴት እንደነበር፣ ከዚያ ዜሮ። ልጆች ዜሮ መጻፍ ሲያሳፍራቸው አያለሁ። እንስሳ የሌለበትን ቦታ የሚያሳየን እኮ ያ ዜሮ ነው። ማታ ማታ ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

የእኛ አገር ጣጣ ደግሞ ሰዓቱና ቀኑ ነው። ካሜራውና ጂፒኤሱ የሚሠሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ አብሯችሁ የሚወጣው የዱር እንስሳት ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ «ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል» ይላችኋል። አንዳችሁ 1:30፣ ሌላችሁ 7:30 ብላችሁ ከጻፋችሁ ጠዋት በፀሐይ ያያችሁት እንስሳ በድቅድቅ ሌሊት የታየ ይመስላል። ሐምሌ 1 እና ጁላይ 8 አንድ ቀን መሆናቸውንም የሚረሳ አይጠፋም። ከመውጣታችሁ በፊት ቡድኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ የዘመን አቆጣጠር ይስማማ፤ የተስማማበትም የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። ካርታም እንዲሁ ነው። የድሮዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው፤ ጂፒኤሳችሁ የሚያነበው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። ሳታስተካክሉ ካገናኛችኋቸው ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ትስታላችሁ። ገደል አፋፍ ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

ልብስ ላይ ብዙ አልቆይም። ጂንስ ይቅር፤ አንዴ ከራሰ አይደርቅም። ሰልባጅ ተራ ጥሩ የሱፍ ሹራብ በርካሽ ይገኛል፤ ሱፍ ረጥቦም ይሞቃል። አንድ ጥንድ ካልሲ ለመኝታ ብቻ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ምንም ቢመጣ ቀን አታድርጉት። ባትሪ ብርድ ያደክመዋል፤ ማታ ብርድ ልብሳችሁ ውስጥ ይደር።

ምግብ ስትይዙ ፍልሰታን አስቡ። ጾሙ ነሐሴ 1 ገብቶ ልክ ሥራው መሃል ላይ ይውላል። መንዝ ላይ አብረዋችሁ የሚወጡት ሰዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ላይቀምሱ ይችላሉ፤ እናንተም ትጾሙ ይሆናል። ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጾሙን ተዉት አልልም። ዳገቱን ለማለዳ፣ ተቀምጦ የሚሠራውን ለቀትር አድርጉ። ለቡድን መሪያችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ። በሶ፣ ቆሎና ለውዝ አይለያችሁ።

ወንዝ ሞልቶ ከደፈረሰ አትሻገሩ፤ እስኪጎድል ጠብቁ። ነጎድጓድ ሲጀምር ከሸንተረሩ ውረዱ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውሻ ነው። ከነከሳችሁ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡ፤ «ትንሽ ጭረት ናት» ሳትሉ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ድረሱ። ከመውጣታችሁ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማግኘት ከቻላችሁ ተከተቡ። ከተማ የለመዳችሁትን ውሻ ደግሞ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ያሉትም እኛ አገር ብቻ ነው።

አሁን ስለ ሰው። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ወረዳ ድረስ ያደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ የሚያደርሳችሁ እረኛው ነው። እዚህ አዲስ አበባ ዳርቻ ጂፒኤስና ደብተር ይዞ እርሻ ዳር የቆመ ሰው ሲታይ፣ ገበሬው የሚያስበው ስለ ወፍ አይደለም። «መሬት ሊለኩ መጡ» ነው የሚለው። ከተማው እየሰፋ ስንቱ ከእርሻው እንደተነሣ አይቷል፤ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ስለዚህ መሣሪያውን ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ተዉትና መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ። «አካም ጅርቱ» ማለት ለማንም አይከብድም፤ ከዚያ ጥቂት አፋን ኦሮሞ ጨምሩ። አባባ፣ እማማ እያላችሁ ጠይቁ። ቡና ከቀረበላችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። ከዚያ ጂፒኤሱን አውጡና አሳዩአቸው፤ ምን እንደምትጽፉ አንብቡላቸው። ድኩላው የት እንደሚተኛ፣ ጅቡ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የነገሯችሁን ስትጽፉ ግን የነገሯችሁ መሆኑን አትርሱ።

አዲስ ዓለም አካባቢ ወዳለው የበርጋ ረግረግ የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ። በሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አይረሲ የምትባለው፣ ከአፍሪካ ብርቅዬ ወፎች አንዷ፣ እንቁላሏን የምትጥለው በክረምት በዚያ ሣር ውስጥ ነው። ጎጆዋ መሬት አጠገብ ስለሆነ በእግር ይረገጣል። ፎቶ ለማንሳት የቱንም ያህል ብትጓጉ ያለ ፈቃድና ያለ አካባቢው ጠባቂዎች ሣሩ ውስጥ አትግቡ። ዳር ላይ ቆማችሁ አዳምጡ፤ ከየት አቅጣጫ እንደሰማችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነና ሣሩ ውስጥ አለመግባታችሁን ጻፉ።