ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ ለሚጠፋው መኪና፦ ፓምፑን ከመግዛትህ በፊት ሪሌውን ለካ

ወንድምዓለም፣ የቤንዚን መኪናህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ሲወጣ ይጠፋል፤ ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ አይነሳም፤ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ግን ይነሳል ብለሃል። የቤንዚን ፓምፕ ቀይር ተብለሃል። ገና አትግዛ። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲበርድ መነሳት የሪሌም፣ የፓምፕም፣ የክራንክ ሴንሰርም (ሞተሩ መዞሩን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ጠባይ ነው። የሚለያቸው ልኬት ነው፤ እሱም መኪናው እምቢ ባለበት ሰዓት። ከበረደ በኋላ ጋራዥ ብትወስደው ሁሉም ደህና ሆኖ ይገኛል።

ሪሌ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ ነው። እግሮቹ በቁጥር ይለያሉ፤ በ85 እና በ86 መካከል ያለው ጥቅል ሽቦ ከሩብ አምፒር በታች ይበቃዋል፤ ማግኔት ሆኖ ምላሱን ሲስብ 30 ከ87 ይገናኛል፣ ፓምፑ የሚፈልገው ከ4 እስከ 8 አምፒር በዚያ ያልፋል። አዛዡ በአብዛኛው ኮምፒውተሩ ነው። ቁልፍ ሲከፈት 2 ወይም 3 ሰከንድ ያሠራውና ያቆመዋል፤ ሞተሩ መዞሩን ሲያይ ብቻ መልሶ ያዘዋል። አንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ግን ቁልፍ ሲከፈት ዝም ብለው ሞተሪኖ ሲዞር ነው የሚሠሩት።

ሲጠፋብህ ጎማው ስር ታኮ አድርግ፣ ቁልፉን ክፈትና ከኋላ ወንበር በኩል የፓምፑን ድምፅ አድምጥ። ሪሌው «ቀጭ» ማለቱ ብቻ አያሳምንህ፤ ጥቅሉ ሠርቶ ምላሱ ጫፍ ላይ የተቃጠለ ሪሌም ቀጭ ይላል። የክላክሱ ሪሌ ቁጥሩና ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል ከፓምፑ ሪሌ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ አቀያይራቸው። የአንዱ ሥዕል ላይ ዳዮድ (ጫፉ ላይ መስመር ያለው ሦስት ማዕዘን) ካለና የሌላው ላይ ከሌለ ተወው።

ካልተነሳ ሪሌውን ንቀልና ሶኬቱን በቴስተር ለካ። 30 ላይ ቁልፉ ተከፍቶ 12 ቮልት መኖር አለበት፤ ከሌለ ፊውዙን እይ። ቀጥሎ ቴስተሩን 85 እና 86 ላይ አድርገህ ሌላ ሰው ሞተሪኖ ያዙር። ምንም ቮልት ካልመጣ ሪሌው አልታዘዘም ማለት ነው። ቁልፍ ሲከፈት መጥቶ ሞተሪኖ ሲዞር ከጠፋ፣ ካንዴላውም እሳት ካልሰጠ፣ ጥርጣሬህን ወደ ክራንክ ሴንሰሩ አዙር። ይህን ባለማየት ብዙ ጤነኛ ፓምፕ ይጣላል።

ትዕዛዙ ካለ 30ን ከ87 ጋር 15 አምፒር ፊውዝ ባለው ሽቦ ለጥቂት ሰከንድ አገናኝ። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ግን አትንካው። 85ን ወይም 86ን በስህተት ከ30 ጋር ካገናኘህ ኮምፒውተሩን ልታቃጥለው ትችላለህ። ፓምፑ ከሠራ ጥፋቱ የሪሌው ነው፤ ካልሠራ ሽቦው እንደተገናኘ ፓምፑ ሶኬት ላይ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ለካ። ሁለቱም ደርሰው ፓምፑ ዝም ካለ፣ ያኔ ፓምፕ ግዛ።

በሽቦ አገናኝተው «ተሠራ» የሚሉህን አትስማ። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ መኪናው ቢጋጭ ሞተሩ ቆሞ ፓምፑ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል።

የተነቀለውን ሪሌ 85 እና 86 ላይ ስትለካው ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 120 ኦም ያሳያል። ሲሞቅ ቁጥሩ ጨርሶ ከጠፋ ውስጡ ያለው ብየዳ ወይም ጥቅሉ ተቋርጧል። አዲስ ከገባም በኋላ ፓምፑ የሚስበውን አምፒር አስለካ። በጀሪካን የተቀዳ ቆሻሻ ቤንዚን ፊልትሮውን ከደፈነው ፓምፑ ይጨነቃል፤ ከ10 አምፒር በላይ እየሳበ ከሆነ አዲሱንም ሪሌ ሊያቃጥለው ይችላል። ያገኘኸውን ቮልትና የመኪናውን ሞዴል ጻፍልኝ።