ሥራው ሲሰፋ ካዝናው ለምን ይራቆታል?

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰው ሂሳብ ስመረምር ነው። የአነስተኛ ንግዶችን መዝገብ ስገልጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኝ ነበር፤ ገበያው ደርቷል፣ በወረቀት ላይ ትርፍ አለ፣ የወሩን ደመወዝ የሚከፍሉበት ገንዘብ ግን የለም። ስለ ድፍረትና ስለ ራእይ የሚመክራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ትርፍ እያለ ገንዘብ ስለሚጠፋበት ስለዚህ ጉዳይ ነው።

በቁጥር እንየው። ወርሃዊ ሽያጫችሁ 100,000፣ ወጪያችሁ 80,000 ነው እንበል። ትርፉ ደስ ይላል። ይሁንና ደንበኛችሁ የሚከፍለው ዕቃውን በተረከበ በ90 ቀኑ ነው፤ አቅራቢውና ሠራተኛው ደግሞ በየወሩ ይፈልጓችኋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ እጃችሁ ከመግባቱ በፊት 240,000 ታወጣላችሁ። ደንበኛው ሥራችሁን ወዶ ትእዛዙን እጥፍ ቢያደርገውና ወጪውም አብሮ እጥፍ ቢሆን፣ የሚያስፈልጋችሁ ማስኬጃ 480,000 ይሆናል። በሥራ ማጣት ሳይሆን በሥራ መብዛት የተዘጉ ድርጅቶችን አይቻለሁ፤ መዝገባቸው እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ትርፍ ያሳይ ነበር።

ትልቅ ትእዛዝ ሲመጣ እንግዲህ ከዋጋው በፊት የክፍያውን ቀን ጠይቁ። ቅድመ ክፍያ መጠየቅ የሚያሳፍራቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ለምን እንደሚያፍሩ አይገባኝም። ቢያንስ የጥሬ ዕቃው ወጪ በቅድሚያ ይሸፈን። የክፍያ መጠየቂያውን ዕቃውን ባስረከባችሁበት ዕለት ላኩ፤ ቀኑ ባለፈ ማግስት ደውሉ። በትህትና፣ ግን ደውሉ። ዱቤ ሲቆይ ተበዳሪው መርሳት ይጀምራል፣ እናንተም ለመጠየቅ ታፍራላችሁ። ከሽያጫችሁ ግማሹን የሚይዝ አንድ ደንበኛ ካላችሁ ደግሞ የክፍያውን ቀን የሚወስነው እሱ ነው፤ ሌሎች ደንበኞችን መፈለግ ያለባችሁ እሱ ደህና በሚከፍልበት ጊዜ ነው።

ስለ ቅናሽም ልበል። በ70 የገዛችሁትን ዕቃ በ100 ስትሸጡ 30 ይተርፋችኋል። 10 በመቶ ብትቀንሱ የሚተርፋችሁ 20 ነው። ያንኑ ትርፍ ለማግኘት ሽያጫችሁ በግማሽ መጨመር አለበት፤ 100 ትሸጡ ከነበረ 150 ማለት ነው። ማሸጊያው፣ ማጓጓዣው፣ ድካሙም አብሮ ይጨምራል። ይህን ሳያሰሉ ዋጋ የሚሰብሩ ሰዎች ያናድዱኛል።

መዝገብ መያዝ ያሰለቻል ትሉ ይሆናል። ሉካ ፓቺዮሊ የተባለው ጣልያናዊ መነኩሴ የቬኒስ ነጋዴዎች ሂሳባቸውን በሁለት ወገን የሚመዘግቡበትን ዘዴ አብራርቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1494 ነው፤ የዛሬው የኮምፒውተር ሂሳብም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ለመጀመሪያው ግን ተራ ደብተር ይበቃል። የንግዱን ገንዘብ ከቤታችሁ ለዩ፤ ለራሳችሁ የተቆረጠ ደመወዝ ክፈሉና ከዚያ ውጭ መሳቢያውን አትንኩ።

በደብተሩ መጨረሻ ላይ 13 ሳምንታትን ወደፊት አስምሩ። በየሳምንቱ በእርግጥ የሚገባውን ገንዘብና የሚወጣውን ጻፉ፤ ተስፋ የምታደርጉትን ሽያጭ አታስገቡ። በየሳምንቱ መጨረሻ አንዱን ሰርዛችሁ ሌላ ጨምሩ። ጉድለቱ በዘጠነኛው ሳምንት ላይ ከታያችሁ፣ ከባንኩ ወይም ከአቅራቢያችሁ ጋር ሳትጨነቁ ለመነጋገር ሁለት ወር አላችሁ።