መልስ፦ ዋጋው ረግቶ ለመነሳት የተዘጋጀን አክሲዮን ማጣራት
ሰላም የኮምቦልቻው ወንድሜ። ዋጋቸው ረግቶ የቆየ የአሜሪካ የእድገት አክሲዮኖችን (ሽያጫቸውና ትርፋቸው በፍጥነት የሚያድጉ ድርጅቶችን አክሲዮኖች) ሳይነሱ በፊት እንዴት እንደምታጣራ ነው የጠየቅከው። አብሽር፣ ይለመዳል። እኔ ደሴ ሆኜ የማደርገውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ድርጅቱ፦ የሩብ ዓመት ሽያጩና የአንድ አክሲዮን ትርፉ ካምናው ተመሳሳይ ወቅት ቢያንስ 25 በመቶ ይደግ። ዋጋው ካለፉት 50 እና 200 የግብይት ቀናት አማካይ ዋጋው በላይ፣ ከዓመቱ ከፍተኛ ዋጋውም ከ15 በመቶ በላይ ያልራቀ ይሁን። እስከዚህ በኢንተርኔት ያለው የአክሲዮን ማጣሪያ መሣሪያ ይሠራልሃል፤ ቀሪው የዓይን ሥራ ነው።

ቻርቱን (የዋጋውን ግራፍ) ክፈትና የዋጋው መዋዠቅ ከሳምንት ሳምንት እየጠበበ፣ የግብይቱም መጠን እየቀነሰ መሆኑን ተመልከት። መሸጥ የሚፈልገው እያለቀ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ዝም ያለውን ሁሉ ይገዛል፤ ግብይቱ ሳይቀንስ ዋጋው ከቆመ ግን ትልልቆቹ ባለሀብቶች ቀስ እያሉ እየወጡ ሊሆን ይችላል፣ እባክህ ተጠንቀቅ።

ዋጋው ጣሪያውን፣ ማለትም ረግቶ በቆየበት ጊዜ ያላለፈውን ከፍተኛ ዋጋ፣ ሲሰብር የዕለቱ የግብይት መጠን ከ50 ቀን አማካዩ ቢያንስ በ40 በመቶ ካልበለጠ እለፈው። ከገዛህበት 7 ወይም 8 በመቶ ከወረደ ሽጥ።

የኛው የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ (የአክሲዮን መገበያያው) በጥር 2017 ወጋገን ባንክን የመጀመሪያው አድርጎ መዝግቦ ተከፍቷል። ግብይቱ ገና ቀጭን ስለሆነ ግን ይህን ማጣሪያ እዚያ ላይ አትሞክረው፤ የባንኮቹን የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ ይሻልሃል።